አዲስ ባትሪ፣ ሁለት ቀን ከቆመ ግን መኪናው አይነሳም፦ ባትሪም ዲናሞም ከመግዛትህ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የድሮው ባትሪ ሲደክምብህ አዲስ ባለ 60 አምፔር ሰዓት (አንድ አምፕ ለ60 ሰዓት የሚሰጥ ያህል) ባትሪ አስገባህ፣ በየቀኑ ስትነዳው ምንም ችግር የለውም፣ ሁለት ሶስት ቀን ካቆምከው ግን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ቀጭ ቀጭ ብቻ ይልና ዝም፣ ከሌላ መኪና በኬብል ስታስነሳው ደሞ ቀኑን ሙሉ ደህና ይውላል። ባትሪ ሻጩ ባትሪው ጤነኛ ነው አለህ፣ መካኒኩ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን የሚሞላው) ይቀየር አለህ፣ አንተ ደሞ ሌላ ባትሪ ልግዛ ወይስ ዲናሞውን ልቀይር ነው ያልከው።

በአሁኑ ሰዓት ሁለቱንም አታድርግ። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ስራ ላይ ነኝ እና እንዳንተ አይነት መኪና ሲመጣ በጣም የሚያናድደኝ ነገር ሰው ሁለት ሶስት ባትሪ ገዝቶ፣ ዲናሞ ቀይሮ፣ ችግሩ ግን እዛው ቁጭ ብሎ ሲገኝ ነው። ያ ሁሉ ብር የሚወጣው ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ስላልለካ ነው። መለካት ደሞ ከባድ አይደለም፣ ተራ መልቲሜትር (ቮልትና አምፕ የሚለካ ትንሽ መሳሪያ) እና አንድ ሁለት ቀን ትዕግስት ካለህ ራስህ ትጨርሰዋለህ።

ባትሪ ቻርጅ ሲያጣ ሶስት ነገር ነው ሊሆን የሚችለው። ወይ ባትሪው ራሱ አይዝም፣ ወይ ዲናሞው አይሞላውም፣ ወይ መኪናው ቆሞ እያለ የሆነ ነገር እየበላው ነው። ያንተን አነጋገር ሳየው ወደ ሶስተኛው ነው የሚያደላው፣ ምክንያቱም ዲናሞው ጨርሶ የማይሞላ ቢሆን እየነዳህ እያለ ነበር ችግር ውስጥ የምትገባው፣ የዳሽቦርዱ የባትሪ መብራት ይበራል፣ የፊት መብራት ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም መንገድ ላይ ያቆምሃል። አንተ ግን እየነዳህ ምንም አልሆንክም፣ የሚጎዳህ ስታቆመው ነው። ይሄ ግምት ነው ግን፣ በግምት እቃ አይቀየርም።

መጀመሪያ ባትሪውን በደንብ ሙላው፣ በቻርጀር ማለቴ ነው፣ በመንዳት አይደለም። ብዙ ሰው በኬብል አስነስቶ 20 ደቂቃ ይነዳና ሞላ ብሎ ያስባል፣ አይሞላም። ሙልጭ ብሎ የወረደ ባትሪ ሙሉ ለሙሉ እስኪሞላ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ ዲናሞ የተሰራው ደሞ ትንሽ የጎደለውን ለመመለስ እና መኪናው እየሄደ የሚጠቀመውን ለመሸፈን ነው እንጂ የሞተ ባትሪ ለማስነሳት አይደለም። ለባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ5 እስከ 6 አምፕ የሚሰጥ ቻርጀር ካገኘህ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አድርገው፣ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል ያ ጋዝ ደሞ ይፈነዳል፣ ስለዚ አጠገቡ ሲጋራም እሳትም እንዳይኖር፣ ቻርጀሩንም መጀመሪያ አጥፍተህ ነው ክሊፖቹን የምትነቅለው። ቀለበትና የብረት ሰዓት ካለህ አውልቅ፣ ቀልድ አይደለም፣ ቀለበት በፖዘቲቭና በቦዲ መሃል ከገባ ጣትህን ያቃጥለዋል።

ከዛ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ቴስት ይሄ ነው። ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ከተነቀለ በኋላ የተወሰነ ሰዓት ይረፍ፣ ወዲያው ብትለካው የውሸት ከፍ ያለ ቁጥር ያሳይሃል፣ ላይ ላዩን የተቀመጠ ቻርጅ ስላለ። ካረፈ በኋላ ለካውና ጻፈው። ከዛ የኔጌቲቩን ገመድ ከባትሪው ፍታውና ከባትሪው እንዳይነካካ ወደጎን አድርገህ መኪናውን ሁሌ ችግር የሚያመጣብህን ያህል ቀን አቁመው፣ ሁለት ቀን ከሆነ ሁለት ቀን፣ ሶስት ከሆነ ሶስት። መልሰህ ለካ። ገመዱ ተፈቶ እያለም ባትሪው ከወረደ መኪናው ነጻ ነው፣ ጥፋቱ ባትሪው ጋር ነው። ገመዱ ተፈቶ ሳይወርድ ከቆየ፣ ታስሮ ግን የሚወርድ ከሆነ ደሞ ባትሪው ነጻ ነው መኪናው ውስጥ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። በቃ፣ ሻጩና መካኒኩ የተከራከሩበት ነገር እዚህ ላይ ግማሹ ያልቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ ገመዱን ከመፍታትህ በፊት ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን ያዝ፣ ባትሪው ከኋላ ባጋጅ ውስጥ ከሆነና የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ ደሞ አትዝጋው፣ ቁልፍም ውስጥ አትተው።

ቁጥሮቹን እንዲህ አንብባቸው። ያረፈ ሙሉ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ነው፣ ኤጂኤም የሚባለው (አሲዱ በጨርቅ መሰል ነገር ውስጥ የተመጠጠበት) አይነት ደሞ ትንሽ ከፍ ይላል ወደ 12.8። 12.4 ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሲደርስ ሩብ ገደማ ነው የቀረው፣ ከ11.8 በታች ባዶ ነው በለው። ሰው 12.0 ሲያይ "12 ቮልት አይደል እንዴ ሙሉ ነው" ይላል፣ እሱ ነው የሚያሳስተው፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.0 ካሳየህ ተርቧል። 10.5 አካባቢ ላይ ቆሞ አልሞላም ካለህ ደሞ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሾርት ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ሴል ወደ 2.1 ቮልት ነው ስለዚ አንዱ ሲቀነስ እዛ ላይ ነው የምታርፈው፣ እሱን ባትሪ አትድከምበት።

የሻጩን "ጤነኛ ነው" በተመለከተ፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን እንዴት እንደለካው ጠይቀው። ቮልት ብቻ ለክቶ ከሆነ አይበቃም፣ ቮልቱ ጥሩ ሆኖ ጭነት ሲመጣበት የሚወድቅ ባትሪ አለ። ቤትህ ልትሞክረው ከፈለግክ ባትሪው ሙሉ ሆኖ መልቲሜትሩን ተርሚናሎቹ ላይ አድርገህ ሌላ ሰው ሞተሩን ያስነሳ፣ እያስነሳ እያለ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪውን ጠርጥር፣ 10 እና ከዛ በላይ ላይ ከቆየ ደህና ነው። የሚከፈት ክዳን ካለው የውሃውንም ልክ እይ፣ ሌዶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች) መሸፈን አለባቸው፣ ከጎደለ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው፣ አሲድ አይጨመርም የቧንቧ ውሃም አይጨመርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ደስ አይልም ግን ማወቅ አለብህ። የመኪና ባትሪ ሙልጭ ብሎ መውረድ አይወድም። ወርዶ በቆየ ቁጥር ሌዱ ላይ የሚሰራው ሰልፌት ይጠነክራል፣ ከጠነከረ ደሞ ቻርጅ ስታደርገው አይመለስም፣ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል። ስለዚ ያንተ አዲስ ባትሪ ሲገዛ ጤነኛ ቢሆንም አሁን ብዙ ጊዜ ባዶ ከሆነ ሊጎዳ ይችላል። የሚበላውን ነገር ሳታገኝ ሌላ ባትሪ ብትገዛ እሱም እንደዛው ይሆናል፣ ለዚህ ነው አትግዛ ያልኩህ።

ዲናሞው ላይ እንምጣ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ስትለካ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት መሃል መሆን አለበት። ከዛ የፊት መብራት፣ የአየር ማራገቢያ፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ሁሉንም አብራና ነዳጁን ትንሽ ሰጥተህ እንደገና ለካ፣ ከ13.5 በላይ መቆየት አለበት። ከ15 በላይ ካየህ ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ችግር አለበት፣ ባትሪውን እያፈላው ነው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ኮምፒውተሩ ነው ቮልቱን የሚወስነው፣ ባትሪው ሲሞላ ሆን ብሎ ያወርደዋል፣ ስለዚ አንዴ 12.9 ስላየህ ብቻ ዲናሞው ሞቷል አትበል፣ እየነዳህ ከፍ ዝቅ ሲል ታየዋለህ። ዲናሞው ራሱ ላይ 14.3 ሆኖ ባትሪው ላይ 13.5 ከሆነ ደሞ ጥፋቱ መሃል ያለው ገመድ ወይም ተርሚናል ነው፣ የሞርሴቶ (ገመዱን ባትሪው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ) ዝገት፣ የላላ ቡለን፣ ወይም ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው ማሳ (የኔጌቲቭ ገመድ)። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ተርሚናሉ ላይ ካየህ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አጥበህ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ስትፈታ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስር ኔጌቲቩን መጨረሻ። ቺንጋውንም (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እይ፣ ከላላ ወይም ከተሰነጣጠቀ ዲናሞው በደንብ አይዞርም።

እባክህን እባክህን ግን፣ ሞተሩ እየሰራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋ ዲናሞው ይሰራል" የሚባለውን ቴስት ማንም እንዳያደርግብህ። ድሮ ኤሌክትሮኒክስ ያልነበረው መኪና ላይ ይደረግ ነበር። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት ወደ ላይ ይፈነጠራል፣ በአንድ ሰከንድ የሞተሩን ኮምፒውተር፣ ሬዲዮውን፣ የዲናሞውን ዳዮድ ራሱ ሊያቃጥልብህ ይችላል። መልቲሜትር እያለ ይሄን የሚያደርግ ሰው መኪናህን አትስጠው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ቆሞ እያለ የሚበላው ነገር። ማንኛውም መኪና ጠፍቶም ትንሽ ይበላል፣ ሰዓቱ አለ፣ አላርሙ አለ፣ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ አለ። ይሄ ጤናማው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፕ ነው (1000 ሚሊአምፕ አንድ አምፕ ነው)። 30 ሚሊአምፕ ብንል በቀን 0.7 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው፣ በወር 22 ገደማ፣ ስለዚ ጤነኛ መኪና ወር ቢቆምም ብዙውን ጊዜ ይነሳል። ያንተ ግን በሁለት ሶስት ቀን ነው የሚያልቀው። ይሄ ራሱ ምን ያህል እንደሚበላ ይነግረናል፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይሄ ነው። ባለ 60 ባትሪ ግማሽ ገደማ ሲጎድል ማስነሳት ያቅተዋል እንበል፣ 30 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፣ በ60 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም በሁለት ቀን ተኩል። 30 ለ60 ሲካፈል ግማሽ አምፕ። ግማሽ አምፕ በ12 ቮልት 6 ዋት ነው። 6 ዋት ደሞ ምንድነው? አንድ ትንሽ የውስጥ አምፖል! ባለ 5 ዋቷ፣ የኋላ ባጋጅ ውስጥ ያለችዋ ወይም የእጅ ጓንት መሳቢያ ውስጥ ያለችዋ። አንድ ሌሊት ብቻ ቆሞ ቢሞትብህ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ነገር ነበር የምንፈልገው፣ ሁለት ሳምንት ቢወስድ ደሞ ትንሽ ነገር። ያንተ ግን በአምፖል ልክ ነው፣ ስለዚ መልቲሜትር ሳታወጣ በፊት ስልክህን ቪዲዮ እየቀረጸ ባጋጁ ውስጥ አስቀምጠህ ዝጋው፣ መሳቢያው ውስጥም እንደዛው፣ ከዛ አውጥተህ እይ። መብራቱ ካልጠፋ ስዊቹ ነው፣ አለቀ። የጸሐይ መከላከያው ላይ ያለችውን የመስታወት መብራት አትርሳት፣ እሷም ክዳኗ በደንብ ካልተዘጋ ሌሊቱን ሙሉ ትበራለች።

በተጨማሪ በኋላ የገቡ ነገሮችን ሁሉ ንቀል፣ ዳሽ ካሜራ፣ ጂፒኤስ፣ ኦቢዲ ሶኬት (የመካኒክ መመርመሪያ የሚሰካበት) ላይ የተሰካ ነገር፣ የስልክ ቻርጀር። በኋላ የተገጠመ ቴፕ (ሬዲዮና ሙዚቃ ማጫወቻ) ወይም አምፕሊፋየር ካለ ደሞ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠረጥረው፣ ቴፕ ሁለት ፖዘቲቭ አለው፣ አንዱ ለሜሞሪ ሁሌ ከባትሪ የሚያገኝ፣ አንዱ ደሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ፣ ገጣሚው ሁለቱንም አንድ ላይ ጠምዞ ከባትሪ ካሰረው ቴፑ ስክሪኑ ጠፍቶም ውስጡ ነቅቶ ያድራል።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ እንለካ። መልቲሜትሩን 10 አምፕ ላይ አድርግ፣ ቀዩን ገመድ 10 አምፕ የሚለው ቀዳዳ ውስጥ አስገባ። ሁሉም ነገር ይጥፋ፣ ቁልፍ ይውጣ፣ ቁልፍ የሌለው በአዝራር የሚነሳ ከሆነ ሪሞቱን ከመኪናው አርቀህ አስቀምጥ። የሾፌሩን በር ክፍት ትተህ የበሩን መቆለፊያ በስክሩድራይቨር ግፋው፣ መኪናው በሩ የተዘጋ እንዲመስለው፣ የኮፈኑ መቆለፊያ ላይም ስዊች ካለ እንደዛው። ከዛ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኔጌቲቩ ገመድ ሞርሴቶ ላይ አስነካና ሳታላቅቅ ሞርሴቶውን ቀስ ብለህ አንሳው፣ አሁን ኤሌክትሪኩ በመልቲሜትሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። እንዲህ የምናደርገው መኪናው ለአንድ አፍታም ኃይል እንዳይቋረጥበት ነው፣ ከተቋረጠ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ እንደገና ይነቃሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ በፍጹም ሞተር ለማስነሳት አትሞክር፣ ሞተሪኖ ከ100 አምፕ በላይ ነው የሚስበው፣ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። ደሞ ዜሮ ካየህ ቶሎ አትደሰት፣ ፊውዙ ቀድሞ የተቃጠለ መልቲሜትርም ዜሮ ነው የሚያሳየው።

መጀመሪያ ብዙ አምፕ ብታይ አትደንግጥ። መኪናው እስኪተኛ 20 ደቂቃ፣ አንዳንዱ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ታያለህ። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላም ከ50 ሚሊአምፕ በጣም ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ለምሳሌ 0.45 አምፕ ምናምን ላይ፣ ያዝነው ማለት ነው።

ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ማየት የተለመደው መንገድ ነው ይሰራልም፣ ግን መልሰህ ስትሰካ የተኛውን ያነቃዋል፣ እንደገና መጠበቅ። እኔ የምመርጠው ሳይነቀል ነው፣ መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርገህ ፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች ንካ። ምንም የማያልፍበት ፊውዝ 0.0 ነው የሚልህ፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ትንሽ ቁጥር ያሳያል። ቁጥር ያሳየህን ፊውዝ ክዳኑ ላይ ባለው ስዕል ምን እንደሚቆጣጠር እይ፣ ያኔ ፍለጋው ከመላው መኪና ወደ ሁለት ሶስት እቃ ይጠባል። ያ መስመር ላይ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ ማጥፊያ) ካለ ጣትህን አስነካው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፍቶ በቆመ መኪና ላይ የሚሞቅ ሪሌይ ካገኘህ ተጣብቆ ቀርቷል።

ሁሉንም ፊውዝ ነቅለህም ቁጥሩ ካልወረደስ? እዚህ ላይ ነው መካኒኩ ልክ ሊሆን የሚችለው። ከባትሪ ወደ ዲናሞና ወደ ሞተሪኖ የሚሄዱት ወፍራም ገመዶች በነዚህ ትንንሽ ፊውዞች አያልፉም። ዲናሞ ውስጥ ዳዮዶች አሉ፣ ስራቸው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ እንዲሄድ እንጂ ወደኋላ እንዳይመለስ ማድረግ ነው፣ አንዷ ከተበላሸች ዲናሞው ቀን ቀን 14.2 እየሰጠህ ሌሊት ሌሊት መልሶ ይጠጣዋል። ስለዚ "ዲናሞው ቻርጅ ያደርጋል" ማለት "ዲናሞው ነጻ ነው" ማለት አይደለም። ለማረጋገጥ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ከዲናሞው ጀርባ ወፍራሙን ገመድ ፈተህ ጫፉን በኤሌክትሪክ ፕላስተር በደንብ ጠቅልለው፣ ከዛ መልቲሜትሩን እንደበፊቱ አስገብተህ መኪናው እስኪተኛ ጠብቀህ እይ። 0.45 የነበረው ወደ 0.03 ከወረደ ዲናሞውን በሙሉ ልብ አሰራው ወይ ቀይረው፣ ካልወረደ ግን ዲናሞ አትግዛ። ሌላው ፍንጭ ደሞ፣ ሞተሩ እየሰራ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት (V~ የሚለው) ላይ አድርገህ ባትሪው ላይ ስትለካ ከ0.5 በላይ ካሳየህ ዳዮዱ አጠራጣሪ ነው።

ሌላ ባትሪ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ማለትም ገመዱ ተፈቶ እያለም ከወረደ፣ መጀመሪያ ዋስትናውን ተጠቀም፣ የጻፍካቸውን ቁጥሮች ከነቀናቸው ይዘህ ሂድ። መኪናህ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋ አይነት ከሆነ ተራ ባትሪ አታስገባ፣ ኤጂኤም ወይም ኢኤፍቢ (የተጠናከረ የተራው ባትሪ አይነት) ነው የሚፈልገው፣ ተራው ቶሎ ይሞታል። አንዳንድ መኪኖች ላይ ደሞ አዲስ ባትሪ መግባቱ በኮምፒውተር መመዝገብ አለበት፣ ካልተመዘገበ እንደ አሮጌ ባትሪ ነው ቻርጅ የሚያደርገው፣ የመኪናህን ሞዴል ስላልጻፍክ ይሄ አንተን ይመልከት አይመልከት አላውቅም።

እስከዛው ድረስ መኪናውን ማታ ስታቆም ኔጌቲቩን ፍታው፣ ባትሪው ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ። በኬብል ማስነሳት ግድ ከሆነ ደሞ የመጨረሻውን ጥቁር ክሊፕ ባትሪው ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ አስረው፣ የመጨረሻው ክሊፕ ብልጭታ ስለሚሰጥ።

አሁን የምፈልገው ከአንተ አራት ቁጥር ነው፦ ቻርጅ ሆኖ ካረፈ በኋላ ያለው ቮልት፣ ኔጌቲቩ ተፈቶ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ያለው ቮልት፣ ሞተር ሲሰራ ያለው ቮልት፣ እና መኪናው ከተኛ በኋላ ያለው አምፕ። የመኪናውን ሞዴልና አመቱን፣ በኋላ የተገጠመ ቴፕ ወይም አላርም ካለም እሱን ጨምረህ ጻፍልኝ፣ ከዛ የትኛውን ፊውዝ መጀመሪያ እንደምታይ እነግርሃለሁ።